በበረሃ መንገድ የአር ቪን ፍሪጅ ቀዝቃዛ አድርጎ ስለ መጠበቅ

በኔቫዳና በአሪዞና በረሃ፣ በካሊፎርኒያም ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የሐሩሩ ወራት ከሰኔ እስከ መስከረም በሚሠለጥንበት ጊዜ የቀትሩ ግለት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሞት ሸለቆ በሚባለው ዝቅተኛ ሥፍራ፣ በፈርነስ ክሪክ፣ ጁላይ 10 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. የተለካው 56.7 ዲግሪም እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም የአየር መዝገብ ላይ የሙቀት ከፍተኛ ልክ ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋውና ቤተሰብ በአንድነት ዕረፍት የሚያገኘው በዚሁ ወራት ስለ ሆነ፣ በላስ ቬጋስ፣ በፊኒክስና በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ወገኖቻችን አር ቪ የሚባለውን መኝታና ማዕድ ቤት ያለው መኪና እየተከራዩ፣ ዐቅሙ ያላቸውም እየገዙ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ግራንድ ካንየን፣ ወደ ዛየንና ወደ ሚድ ሐይቅ ይወጣሉ።

ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚሰናዳው ስንቅ በአብዛኛው ከቤት ተሠርቶ የሚወጣ ነው። ለፍስኩ ቀን የሚሆነው ዶሮ ወጥ፣ ለጋው ቅቤና አይቡ፣ ለክትፎ የታሰበው ሥጋ፣ ደግሞም ሐሩሩ በበረታበት ሰሞን ጾመ ፍልሰታ ሲገባ የሚያዘው ምስር ወጥና ጎመን፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። ፍሪጁ በቀትር ኃይሉ ደክሞ ውስጡ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ይኸውም ከ40 ፋራናይት በላይ የሞቀ እንደ ሆነ፣ ምግቡ መልኩንም ሽታውንም ሳይለውጥ በሽታ የሚያመጡ ረቂቃን ሕዋሳት ይበዙበታል፤ ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሕዝብ ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ሐኪም ቤት በብዙ ማይል በሚርቅበት በረሃ መካከል የሕፃን ሆድ ሲታመም ማየት እንዴት ያለ ጭንቀት እንደ ሆነ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ፍሪጁ መድከሙን ባየ ጊዜ ወዲያው የሚያደርገው የቅዝቃዜውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ማዞር ነው፤ ይህም ባልሠራለት ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። እኔ ግን ለአንባቢ አስቀድሜ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፍሪጅ ቅዝቃዜን የሚፈጥር ሳይሆን ሙቀትን ከውስጥ እያነሣ ወደ ውጭ የሚያፈስ ዕቃ መሆኑ ነው። ያ ሙቀት የሚፈስሰው ከጀርባው ስለ ሆነ፣ በጀርባው መውጫ ካጣ በፊት ለፊቱ የምናደርገው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር አብዛኛው፣ ሰው ዘወትር ስለማያየው ስለ ፍሪጁ ጀርባ የተጻፈ ነው።

በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፍሪጅ በቤታችን ካለው በባሕርዩ ይለያል። የቤቱ ፍሪጅ በሞተር የሚንቀሳቀስ ኮምፕሬሰር ሲኖረው፣ ይህኛው ግን ምንም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ በእሳት ኃይል የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው። ጥበቡን በ1922 እ.ኤ.አ. ያገኙት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ፣ በስቶክሆልም በንጉሣዊው የቴክኒክ ተቋም ይማሩ የነበሩ ሁለት የስዊድን ወጣቶች ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በፍሪጁ ጀርባ ከታች አሞኒያ የተዋሐደው ውሃ ያለበት ማፍያ አለ፤ የጋዙ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ይህን ሲያፈላው፣ ጀበና ሲገነፍል ቡናው በአንገቱ ሽቅብ እንደሚገፋ ሁሉ፣ ፍልቅታው ፈሳሹን በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አሞኒያውም ከውሃው ተለይቶ ተን ሆኖ እስከ ጫፍ ያርጋል። በጫፉ ላይ የቆርቆሮ ክንፎች ያሉት ኮንደንሰር ተቀምጧል፤ ተኑ በዚያ ሙቀቱን ለአየሩ አስረክቦ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ፈሳሹ አሞኒያ ወደ በረዶ ቤቱ ሲወርድ ሃይድሮጅን ከሚባለው ጋዝ ጋር ይገናኛል፤ ከእርሱም ጋር በመደባለቁ በዝቅተኛ ሙቀት እንደገና ይተናል፤ ለመትነንም የሚያስፈልገውን ሙቀት ከምግባችን ይወስዳል። በመጨረሻም ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይቀበለዋል፣ ሃይድሮጅኑም ነጻ ወጥቶ ወደ ሥፍራው ይመለሳል፤ ዑደቱ መዓልትና ሌሊት ሳያቋርጥ እንዲህ ይዞራል።

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ሥጋዊ ፍጥረት ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት የቆመ መሆኑን ያስተምሩ ነበር። ይህም መሣሪያ አራቱን ሁሉ ይፈልጋል፤ እሳት ያፈላለታል፣ ውሃ አሞኒያውን ይቀበልለታል፣ መሬት በስበቷ ፈሳሹን ወደ ታች ታወርድለታለች፣ ነፋስም ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄድለታል። በሐሩር ወራት ከአራቱ አስቀድሞ የሚጎድልበት ነፋስ ነው፤ በውጭ ያለው አየር እጅግ በሞቀ መጠን በኮንደንሰሩና በአየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እየጠበበ ስለሚሄድ፣ አሞኒያው ወደ ፈሳሽነት መመለስ ይከብደዋልና።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጉዞው ከመድረሱ ከሳምንት በፊት፣ ጥዋት አየሩ ሳይሞቅ፣ ወደ መኪናው ጎን ሄደው በፍሪጁ ጀርባ አንጻር ያለውን ሽንሽን መስኮት ይክፈቱ። አስቀድመው ግን ፍሪጁን ያጥፉ፣ የጋዙንም ቧንቧ ይዝጉ፣ የብረቱ አካል እስኪበርድም ድረስ ይታገሡ። ታችኛው መስኮት ቀዝቃዛው አየር የሚገባበት ነው፤ በጣራው ላይ ወይም በግድግዳው ከፍታ ያለው ደግሞ የሞቀው አየር የሚወጣበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ሥፍራ እንደ ጭስ መውጫ ያገለግላል፤ ሞቃቱ አየር ቀላል ስለ ሆነ በራሱ ኃይል ይወጣል፣ በእግሩም ሌላ አየር ከታች ይስባል። ይህ ስበት ደካማ ነውና ጥቂት እንቅፋት ይበቃዋል። የወፍ ጎጆ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ወይም ባለቤቱ ክረምት ሲገባ ነፋስ እንዳይገባ ብሎ የወተፈውና የረሳው ጨርቅ አይጠፋም። ወደ ጣራው የሚወጣ ሰው አስተማማኝ መሰላል ይያዝ፤ የጣራውንም ክዳን አንሥቶ በባትሪ መብራት ወደ ታች ይመልከት።

በዚያው ቆመው በኮንደንሰሩና ከበስተጀርባው ባለው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሰፋ እንደ ሆነ፣ አየሩ በክንፎቹ መካከል ማለፉን ትቶ በሰፊው መንገድ ያመልጣል፤ ሙቀቱም በክንፎቹ ላይ እንደ ተጣበቀ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀጭን ቆርቆሮ ጐንበስ አድርጎ በግድግዳው ላይ በመምታት አየሩን ወደ ክንፎቹ መምራት ነው። በፍሪጁ አናት ላይና በጎኖቹ ያለውን ባዶ ቦታም እሳት በማይዘው የፋይበር ግላስ ልባስ ይሙሉት፤ ሞቃት አየር በዚያ ቢጠራቀም የፍሪጁን ጣራ ሌሊቱን ሙሉ ያሞቀዋል። ፎምና ካርቶን የመሰሉ ተቀጣጣይ ነገሮች ግን ወደ ነበልባሉ ክፍል ከቶ አይቅረቡ።

አሁን ወደ እሳቱ እንሂድ፤ በዚህም ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለ ማራገቢያና ስለ ጥላ ሲጨነቅ ይህን ይዘነጋዋል። ጋዙን ከፍተው ፍሪጁን ካበሩ በኋላ፣ በትንሿ የቆርቆሮ ሽፋን ቀዳዳ በኩል ነበልባሉን ይመልከቱ። ጤነኛው ነበልባል ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለና ቀጥ ብሎ ወደ ጭስ ማውጫው ቧንቧ የሚገባ ነው። ቢጫ ሆኖ የሚወላወል፣ ጫፉም የሚያጨስ ከሆነ አየርና ጋዙ በልክ አልተቀላቀሉም ማለት ነው፤ ጥቀርሻውም በቧንቧው ውስጥ እየተጋገረ ሙቀቱን ከማፍያው ያርቀዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሸረሪት ናት፤ መኪናው ለወራት ሲቆም በማንደጃው አፍ ላይ ድሯን ታደራለች፣ ተርብም ጭቃውን ይለጥፍበታል። መስኮቱ እንደ ተከፈተ፣ እሳቱ ጠፍቶ ጋዙም ተዘግቶ ሳለ፣ ማንደጃውን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በታመቀ አየርም ይንፉት። ጋዙ የሚወጣበትን ረቂቅ ቀዳዳ ግን በመርፌም ሆነ በሽቦ አይንኩት፤ ቀዳዳው ጥቂት የሰፋ እንደ ሆነ የነበልባሉ ልክ ለዘለቄታው ይበላሻል። በጭስ ማውጫው ውስጥ የተንጠለጠለውን ጠመዝማዛ ቆርቆሮ አውጥተው ዝገቱንና ጥቀርሻውን ያራግፉ፤ ሲመልሱትም በነበረበት ከፍታ ይስቀሉት፤ ሙቀቱ በማፍያው ዙሪያ እንዲቆይ የሚያደርገው እርሱ ነውና። የጋዙ ግፊት በትክክለኛው ልክ፣ ይኸውም በ11 ኢንች የውሃ ዓምድ ላይ መሆኑን የሚለካው ደግሞ መሣሪያው ያለው የጋዝ ባለሙያ ነው፤ ይህን ለእርሱ ይተዉለት።

የበሩን ጎማ ለመፈተን ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ የዶላር ኖት ይበቃል። ኖቱን በበሩና በጎማው መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ጎማው ደኅና ከሆነ ኖቱን እምቢ ብሎ ይዞ ያስቸግራል፣ ያለ ትግል ከወጣ ግን በዚያ በኩል ሞቃት አየር ይገባል ማለት ነው። በአራቱም ማዕዘን እየዞሩ ይህን ይድገሙ፤ በተለይም በታችኛው ማዕዘን፣ የወጥ ፍንጣሪና የስኳር ውሃ በሚደርቅበት። አብዛኛውን ጊዜ ጎማው የሚፈልገው በሞቀ የሳሙና ውሃ መታጠብ ብቻ ነው።

በአሜሪካ በረሃ የሚጓዝ ሰው በፍሪጁ ጀርባ ትንሽ ማራገቢያ ቢያስገባ ከዚህ የተሻለ ወጪ አያገኝም ብዬ አምናለሁ። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ በኮምፒውተር ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ማራገቢያ ከመኪናው ባትሪ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ቦታው ከኮንደንሰሩ በታች ወይም በላይ፣ አቅጣጫውም ሁልጊዜ ወደ ላይ እንዲነፍስ ነው፤ ወደ ታች ቢነፍስ በተፈጥሮ የሚያርገውን አየር ይዋጋዋል። ከማንደጃውም ይራቅ፤ ነፋሱ ነበልባሉን ያጠፋዋልና። በክንፎቹ ላይ የሚቆነጠጥ፣ ሲሞቅ የሚያበራና ሲቀዘቅዝ የሚያጠፋ ቴርሞስታት ቢጨመርለት ሌሊት ያለ ጥቅም ከመዞር ይድናል። በተለይም ፍሪጁ በተንሸራታች ክፍል ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነና ሞቃቱ አየር በጣራው ሳይሆን በጎን መስኮት እንዲወጣ የተሠራ ከሆነ፣ የተፈጥሮው ስበት ደካማ ስለ ሆነ፣ ማራገቢያው የግድ ነው ማለት ይቻላል።

ፍሪጁን ማስጀመርና ስንቁን መጫን

እንዲህ ያለው ፍሪጅ በጣም ዝግ ያለ ነው። የቤቱ ፍሪጅ በጥቂት ሰዓት የሚያደርገውን ይህኛው በመዓልትና በሌሊት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከመነሣትዎ ከ24 ሰዓት በፊት በቤትዎ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተው ባዶውን ያስጀምሩት። የውስጡን ልክ በግምት አይወስኑ፤ አንድ የሙቀት መለኪያ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ነክረው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። በአየር ላይ የተንጠለጠለ መለኪያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዘላል፤ በውሃ ውስጥ ያለው ግን የምግቡን እውነተኛ ሁኔታ ይናገራል። ከ4 ዲግሪ በታች ወርዶ ሲያዩት ስንቁን ለመጫን ጊዜው ደርሷል።

የሚጫነው ሁሉ አስቀድሞ በቤት ፍሪጅ የቀዘቀዘ ይሁን። ሌሊት ተሠርቶ ገና ለብ ያለ ዶሮ ወጥ በድስቱ እንዳለ ቢገባ፣ መሣሪያው ያን ሙቀት ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ይደክማል፤ በዚያም ጊዜ አጠገቡ ያለው ወተትና አይብ ይሞቃል። ወጡን ቀድመው ሠርተው፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው፣ ለኋለኛው ቀን የሚሆነውን በቤት በረዶ ቤት አጠንክረው ይዘውት ይሂዱ፤ እርሱም እስኪሟሟ ድረስ የሌላው ማቀዝቀዣ ይሆናል። ለክትፎ የታሰበውን ሥጋ ግን ለበረሃው መንገድ ባይዙት እመርጣለሁ፤ የግድ ከሆነም በመጀመሪያው ቀን ይበላ፣ ያለዚያም በደንብ ይብሰል። እንጀራው የፍሪጅ ቦታ አይያዝ፤ ከፀሐይ ርቆ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ጉዞ ደርቆሽ ማድረጉ የአባቶች ልማድ ነው።

መደርደሪያዎቹ የሽቦ ሆነው የተሠሩት በምክንያት ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በፍሪጁ ውስጥ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ካሉት የቅዝቃዜ ክንፎች ወርዶ በመካከላቸው ይዘዋወራል። በፎይል ወይም በወረቀት መሸፈን፣ ዕቃዎቹንም ጭምቅ አድርጎ መደርደር ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ከክንፎቹ ጋር ምንም ነገር አያስነኩ። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ በውስጡ ቢያስቀምጡለት ደግሞ የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ ሙቀት ይቀራረባል። በአንዳንዶቹ ፍሪጆች ቁልፍ የለም፤ በክንፎቹ ላይ የተቆነጠጠች ትንሽ መለኪያ ናት ልኩን የምትወስነው፤ በብዙዎቹም ይህችን ወደ ላይ መግፋት ቅዝቃዜውን ይጨምራል።

ውሃና ለስላሳ መጠጥ ለብቻው በበረዶ ሣጥን ይያዝ። በሐሩር ቀን ልጆች በየጥቂት ደቂቃው በሩን የሚከፍቱት ለመጠጥ ነው፤ በተከፈተ ቁጥርም ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ወለሉ ይፈስሳል። እናትም ምሳ ስታሰናዳ የምትፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብታወጣ ይሻላል።

በመንገድና በማረፊያ

ማረፊያ ሲደርሱ ሁለት ነገር ያስቡ፤ ጥላንና የመሬቱን ልክ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የፍሪጁ ግድግዳ ፊት ለፊቷ ከቆመ፣ ቆርቆሮው ራሱ ምድጃ ሆኖ የሚገባውን አየር ቀድሞ ያግለዋል። ስለዚህ የፍሪጁ መስኮት ያለበት ጎን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት አድርገው ያቁሙ። በአሜሪካ መኪና መጋረጃው የሚዘረጋው በስተ ቀኝ ነው፤ ፍሪጁ በዚያ በኩል ካለ ያው ጥላው ይበቃዋል፤ በስተ ግራ ካለ ደግሞ ነጭ ሸራ ከግድግዳው ራቅ አድርገው፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ፣ በእንጨት ላይ ይወጥሩ። ሸራውን በመስኮቱ ላይ ማልበስ ግን ከፀሐዩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። በመስኮቱ በኩል ውሃ የሚረጩም አሉ፤ በዚያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስላለ ይህን አልመክርም።

የመሬቱ ልክ ነገር ከጥላው ይልቅ ይከብዳል። ፈሳሹን የሚያወርደው የመሬት ስበት ብቻ ስለ ሆነ፣ መኪናው ተጋድሞ ከቆመ አሞኒያውና ውሃው በየጎድጓዳው ይቆማሉ፤ ማፍያውም ፈሳሽ አጥቶ ባዶውን ይግላል። በዚህን ጊዜ ብረቱ እንዳይዝግ ተብሎ በውሃው ውስጥ የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ይረጋና ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ ይህም ጉዳት የማይመለስ ነው። አምራቾቹ እንደሚጽፉት፣ በሩ ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ወደ ጎን ከ3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከ6 ዲግሪ የበለጠ ማዘንበል የለበትም። ግንበኛ የሚይዘውን ውሃ ልክ በበረዶ ቤቱ ወለል ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ከጎማዎቹም በታች ጣውላ እየጨመሩ ያስተካክሉ። መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ግን ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ ፈሳሹን ስለሚያንቀሳቅሰው ስጋት የለም፤ ጉዳቱ በቆመበት ሰዓት ነው። ለምሳ ብለው በተዳፋት ላይ ለረጅም ሰዓት የሚያቆሙ ከሆነ ፍሪጁን ያጥፉት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በጋዝ ይሥራ ወይስ በኤሌክትሪክ የሚለው ነው። በካምፕ ሥፍራ የተሰካ ሰው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ያምናል፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ መቶ መኪና በአንድ ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣውን ሲከፍት የመስመሩ ኃይል ይወርዳል። የማሞቂያው ሙቀት ከቮልቱ ጋር በእኩል አይቀንስም፤ በቮልቱ ካሬ ልክ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ 120 ቮልት ወደ 105 ሲወርድ ቅነሳው ስምንተኛው እጅ ብቻ ቢመስልም፣ 300 ዋት የነበረው ማሞቂያ ወደ 230 ዋት ገደማ ይወርዳል፤ ሩብ የሚጠጋው እሳት ጠፋ ማለት ነው፤ ያውም ፍሪጁ ከሁሉ ይልቅ በሚቸገርበት ሰዓት። በሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ የቮልት መለኪያ ይያዙ፤ ኃይሉ መውረዱን ሲያዩ ወደ ጋዝ ይለውጡ፣ ማታ ሲስተካከል ይመልሱ። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም ይህንኑ ጉዳት ያመጣል። በጋዝ ሲሠራም የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ የባትሪውን 12 ቮልት እንደሚፈልግ አይርሱ።

ከፍታ ደግሞ ይህን ፍርድ ይገለብጠዋል። ከፊኒክስ ቆላ ተነሥቶ በፍላግስታፍ በኩል ወደ ግራንድ ካንየን ደቡባዊ ገደል የሚወጣ ሰው፣ ከ330 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,100 ሜትር ይደርሳል። በዚያ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ነበልባሉ በቂ ኦክሲጅን አያገኝም፤ ከ1,670 ሜትር ወይም ከ5,500 ጫማ በላይ ቅዝቃዜው ሊደክም፣ እሳቱም ሊጠፋ እንደሚችል አምራቾች ያስጠነቅቃሉ። በከፍታ ቦታ እንግዲህ ኤሌክትሪክ ካለ በኤሌክትሪክ ያሠሩት፤ የአየሩ ቀዝቃዛነትም ያግዝዎታል።

ነዳጅ ለመቅዳት ወደ ማደያ ከመግባትዎ በፊት የፍሪጁን ነበልባል ማጥፋት ግዴታ ነው። ለዚያች አጭር ጊዜ በሩ ካልተከፈተ ምግቡ ምንም አይሆንም።

በአንዳንዶቹ ፍሪጆች የበሩ ጠርዝ እርጥበት እንዳያልበው ተብሎ የተሠራ ትንሽ ማሞቂያ አለ። በበረሃ ደረቅ አየር ይህ ምንም ጥቅም የለውም፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ በሩንም ያሞቃል። ቁልፉን ፈልገው ያጥፉት።

በሳምንት ለሚቆጠር ጉዞ በክንፎቹና በበረዶ ቤቱ ላይ የሚጋገረውን አመዳይ ይከታተሉ፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሙቀቱን እንዳይቀበሉ ይጋርዳቸዋል። ጥዋት በማለዳ ምግቡን ወደ በረዶ ሣጥን አዛውረው፣ ፍሪጁን አጥፍተው፣ ሙቅ ውሃ በያዘ ሳህን ያሟሙት፤ በቢላዋ አይፋቁት።

መኪናው አዲስ ከሆነ ምናልባት ፍሪጁ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን የመሬቱ ማዘንበልም የቦታው ከፍታም ያን ያህል አያሳስበውም፤ የሚያስፈልገው በቂ ባትሪና የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ነው። የጀርባው አየር ነገር ግን ለእርሱም ሕግ ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የአደጋው ምልክት ነው። በፍሪጁ ውስጥ ወይም በጀርባው ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ የሸተተ እንደ ሆነ፣ ወይም በቧንቧዎቹ ላይ ቢጫ ዱቄት የታየ እንደ ሆነ፣ የታሸገው ቧንቧ ተሰንጥቋል፤ ከአሞኒያውም ጋር የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ይያያዛል። ወዲያውኑ ፍሪጁን ያጥፉ፣ የጋዙን ቧንቧ ከሲሊንደሩ ላይ ይዝጉ፣ ሰውን ሁሉ አስወጥተው በሮቹንና መስኮቶቹን ይክፈቱ፤ ዱቄቱንም በእጅዎ አይንኩ፣ መርዝ ነውና። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ማንም ወደ ውስጥ አይመለስ፤ ፍሪጁንም ዳግመኛ አያብሩት፤ የማቀዝቀዣ ክፍሉ በባለሙያ እስኪለወጥ ድረስ ተዘግቶ ይቆይ። አየሩ ከጠራ በኋላ፣ በጥብቅ ታሽጎ ሽታው ያልነካውንና በመለኪያው ገና ከ4 ዲግሪ በታች ያለውን ምግብ ብቻ በረዶ ወደ ሞላበት ሣጥን ያዛውሩ፤ ከዚያ በላይ ሞቆ ሁለት ሰዓት ያለፈውን፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነም አንድ ሰዓት ያለፈውን፣ ምንም መልካም መስሎ ቢታይ፣ ሳይቀምሱ ይጣሉት።